ከልዩ ልዩ ምንጭ የተቀዳ አንድ ድምፅ



በዚህ እትም ላቀርብላችሁ ያሰብኩት ትምህርት ስለ ማርሽ ባንድ ነው። ይኸውም የነሐስ መሣሪያ የሚነፉ ሰዎች ከየት ከየት እንደሚመጡ፣ ወደ ባንዱ ከመግባታቸው በፊት ሙዚቃን ከማን እንደተማሩና ያ የቀድሞ ትምህርታቸው ለጋራው ሥራ ምን እንደሚጠቅም አብረን እንድንመረምር ነው። በመጨረሻም እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ጥፋት ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሁላችንም እንደምናውቀው ገላን ኮንዶሚኒየም የዕጣ ሠፈር ነው። በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች አንዳችን ከመርካቶ፣ አንዳችን ከአራት ኪሎ፣ ሌላው ደግሞ ከክፍለ ሀገር የመጣን ነን። ዕጣ አንድ ሕንፃ ላይ ሰበሰበን እንጂ አስቀድመን አንተዋወቅም ነበር። ጎረቤታሞች ያደረገን ከዚያ በኋላ የተጣጣነው ቡናና የተካፈልነው ሐዘን ነው። ማርሽ ባንድም እንደዚሁ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። መሣሪያው ሰዎቹን ይሰበስባል፤ አንድ የሚያደርጋቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሌላ ነገር ምንድን ነው? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ሀ. መሣሪያው ከነፊው ምን ይፈልጋል?

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንወቅ። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ኮርኖ፣ ባሪቶንና ቱባ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በሁሉም ድምፁ የሚነሣው ከብረቱ ሳይሆን ከነፊው ከንፈር ነው። ነፊው ከንፈሩን ገጥሞ አየር ሲያሳልፍበት ከንፈሩ ይርገበገባል፤ ቱቦው ያንን ርግብግቢት ተቀብሎ ያጎላዋል። ቱቦው በረዘመ መጠን ድምፁ እየወፈረ ይሄዳል። ስለዚህ ቱባ ወፍራም፣ ትራምፔት ቀጭን ድምፅ አለው።

በትራምፔት ላይ በጣት የሚጫኑ ሦስት ቁልፎች አሉ። ሁለተኛው ቁልፍ ሲጫን ድምፁን በግማሽ፣ አንደኛው በአንድ ሙሉ፣ ሦስተኛው በአንድ ተኩል ዝቅ ያደርገዋል። የቁልፍ ዘዴ በጀርመን አገር የተፈለሰፈው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ትሮምቦን ግን ቁልፍ ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ቱቦ አለው። ቱቦው የሚቆምባቸው ሰባት ቦታዎች ቢኖሩም በላዩ ላይ ምንም ምልክት አልተደረገም። ነፊው ትክክለኛውን ቦታ የሚያገኘው በክንዱ ልማድና በጆሮው ብቻ ነው።

ደግሞም ትራምፔት ነፊ ምንም ቁልፍ ሳይነካ ከንፈሩን በማጥበቅና በማላላት ብቻ ብዙ ድምፆችን ማውጣት ይችላል። ከነዚያ ድምፆች የሚፈለገውን የሚመርጠው ጆሮው ነው። ጆሮ ደግሞ በአንድ ቀን አልተሠራም። እናቱ ስታንጎራጉር፣ ቄሱ ሲቀድስ፣ እረኛው ሲነፋ፣ ሬዲዮው ሲዘፍን የሰማው ሁሉ ተጠራቅሞበታል። ስለዚህ አንድ ሰው ትራምፔት ሲያነሣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ የሰማውን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ለ. ማርሽ ሳይመጣ በፊት

አገራችን የመንፋትን ጥበብ የተማረችው ከውጭ ብቻ አይደለም። መለከት፣ እምቢልታና ነጋሪት ከጥንት ጀምሮ በቤተ መንግሥት አደባባይ ይሰሙ ነበር። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንድ ነፊ ከእሱ ሊያወጣ የሚችለው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ እምቢልተኞች በሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ይነፋሉ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል፤ ዜማው የሚገኘው በመካከላቸው ነው እንጂ ከአንዳቸው ዘንድ አይደለም።

በቤኒሻንጉል የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራ ዋዛ የተባለ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ አለው። በደቡብም የዲራሼ ሕዝብ ፊላ የተባለውን የቀርከሃ መሣሪያ በብዛት ሆኖ እየጨፈረ ይነፋል። በሁለቱም ዘንድ አሠራሩ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ትንሽ ድርሻ ይይዛል፣ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስም አይዘገይም። አንዱ ቢቀር በዜማው ላይ ክፍተት ይታያል።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ አገር የተገኘ ሰው ኖታ ማንበብ ባይችል እንኳ የባንድን ዋና ትምህርት፣ ማለትም መጠበቅንና መቀባበልን፣ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል።

ሐ. ከዓድዋ እስከ አርባ ልጆች

የዘመናዊው ማርሽ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዓድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒቆላስ 2ኛ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎችን በስጦታ ላኩ። ሚሌቭስኪ የተባለ መምህርም ኢትዮጵያውያንን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። እስቲ የዚያን ዘመን ተማሪዎች በዐይነ ኅሊናችን እንመልከታቸው። ጆሯቸው በመለከት፣ በከበሮ፣ በክራርና በማሲንቆ የተሠራ ሰዎች የሩሲያን ሰልፍ ሊነፉ ቆመዋል። አስተማሪው የእነሱን ዜማ አያውቅም፤ እነሱም የእሱን አያውቁም። የጋራ የሆነው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያም በአርመን ገዳም የሚያድጉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች በማርሽ ባንድ ተቀበሏቸው። እነዚህ ልጆች በ1907 ዓ.ም. በአርመን ሕዝብ ላይ በደረሰው እልቂት ቤተሰባቸውን ያጡ ነበሩ። ራስ ተፈሪም ከአርመኑ ፓትርያርክ አስፈቅደው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ የደረሱትም በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር።

ልብ በሉ፤ አርባ ልጆች ሙዚቃን የተማሩት በደህና ጊዜ አልነበረም። ለእነሱ መሣሪያው እንጀራም፣ ወገንም፣ መጠለያም ነበር። ይህን ይዘው መጥተው ቋንቋውን በማያውቁት አገር አደባባይ ላይ ነፉ።

የኬቮርክ ናልባንዲያን ሥራ ደግሞ ከሌላ ምንጭ ጋር ተገናኘ። እሱ የደረሰው የሰልፍ ዜማ ቃል የተሰጠው በዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ የጎጃም ደብረ ኤልያስ ልጅ፣ በቅኔ ቤት ያደገ ሊቅ ነበር። የተሰደደ አርመናዊ የሙዚቃ ሰውና ከጎጃም የመጣ ባለ ቅኔ ተገናኝተው የኢትዮጵያን መዝሙር ሠሩ። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ አብዮቱ ዘመንም ድረስ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ። አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያ መዝሙር አይኖርም ነበር።

የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በማዘጋጃ ቤት ባንድና በኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለብዙ ዘመን አስተማረ። በእነዚህ ጓዶች ውስጥ የውጭ አገር መምህራንና የኢትዮጵያ ልጆች ጎን ለጎን ሠርተዋል።

መ. ከማሲንቆ ወደ ሳክስፎን

ከኢትዮጵያውያን ነፊዎች አንዱን ብቻ እንደ ምሳሌ ልጥቀስ። ጌታቸው መኩሪያ በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለደ። በልጅነቱ የተለማመደው ክራርና ማሲንቆ ነበር። ከዚያ ወደ ክላሪኔትና ሳክስፎን ተሻገረና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግሏል። እርግጥ ሳክስፎን ከነሐስ ቢሠራም ድምፁ የሚነሣው ከሸምበቆ ምላስ ስለሆነ ከትራምፔት ቤተሰብ አይቆጠርም። በባንድ ውስጥ ግን ጎረቤት ነው።

ጌታቸው የተመሰገነበት ሥራ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን ማውጣቱ ነው። ጀግና በአደባባይ ቆሞ በድምፁ የሚያወርደውን በቱቦ አወረደው። ቤልጅግ አገር የተፈለሰፈው መሣሪያ የይፋትን ሽለላ ተናገረ። በመድረክም ላይ የአንበሳ ጎፈር ያጠልቅ ነበር። በእርጅናው ዘመን ከሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር በአውሮፓ መድረኮች ተጫውቷል፤ ያረፈው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ጌታቸው ወደ ባንድ ሲገባ አስቀድሞ ያወቀውን ደጅ ላይ ጥሎ አልገባም። አዲሱን ተማረ፣ የቀድሞውንም ጠበቀ። ያንን የቀድሞውን «አላዋቂነት ነው» ብሎ ቢጥለው ኖሮ ዛሬ ከሌሎች ነፊዎች የሚለይበት ነገር አይኖረውም ነበር።

ሠ. በእኛ ሠፈር የሆነው

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በሠፈራችን ያገለገሉ መሣሪያዎች አግኝተን ጥቂት ወጣቶች የማርሽ ልምምድ መጀመራችንን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለጩኸቱም ታግሣችሁናል። የሚያሠለጥኑን በወጣትነታቸው በማርሽ ባንድ ያገለገሉ አንድ አባት ናቸው፤ ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን።

ከእኛ ውስጥ ሦስታችንን ብቻ ልግለጽ። አንደኛው ጾመ ድጓ የዘለቀ ዲያቆን ነው፤ ባሪቶን ይነፋል። ትንፋሹ ረጅም ነው፤ አንዴ የሰማውን አይረሳም፤ ምክንያቱም የዜማ ተማሪ ምልክቱን በመጽሐፍ ቢያይም የሚቀጽለው በቃሉ ነው። በማኅሌትም የቀኙ ወገን ሲመራ የግራው እንደሚጠብቅ ያውቃል። ችግሩ በሰልፍ እርምጃ ላይ ዜማውን እንደ አራራይ ማስረዘሙ ነበር።

ሁለተኛው ገጠር ከብት ሲጠብቅ በዋሽንት ያደገና ዛሬ በቃሊቲ ፋብሪካ የሚሠራ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ወንድም ነው። እሱ ትሮምቦን ይነፋል። ኖታ አያነብም፤ ነገር ግን ምልክት በሌለው ቱቦ ላይ ቦታውን ሳይስት ያገኛል።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። ትራምፔትን በክፍያ፣ ብቻዬን፣ ከመጽሐፍ ተማርኩ። ኖታ ፈጥኜ አነባለሁ። ከሌላ መሣሪያ ጋር ግን አብሬ ነፍቼ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ለመስቀል ደመራ ስንዘጋጅ ጋሼ አንድ ቀን ቀሩ፤ እኔ ልምምዱን ልምራ አልኩ። ድምፃችንን እንድናስተካክል ትሮምቦን ነፊውን «ዶ ስጠኝ» አልኩት። እሱ ነፋ፣ እኔም ነፋሁ፤ ድምፃችን ተጋጨ። ደገምን፤ ያው ነው። እሱም በትሕትና «ወንድሜ፣ የአንተ ዶ ከእኔ ዶ ዝቅ ይላል» አለኝ። እኔ ግን ሳቅሁና «ዶ ዶ ነው! ኖታ የማያነብ ሰው ስለ ዶ ምን ያውቃል?» አልኩት፤ ያውም በሁሉም ፊት። መልስ አልሰጠኝም። ትሮምቦኑን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ሣጥኑ አስገባና ሄደ። ከዚያ በኋላ ሳምንታት አለፉ፣ አልመጣም።

መስከረም 16 ቀን ማታ ደመራው ዙሪያ ቆምን። ሰማዩ ደመና ነበር፤ ጸሎቱም ረዘም ስላለ የእኛ ተራ ሲደርስ ጨለመ። የኖታው ወረቀት አልታይህ አለኝ። ሦስት መስመር ያህል ሄድኩና ጠፋኝ። እኔን ተከትለው ይነፉ የነበሩትም ቆሙ። ያ ዲያቆን ብቻ በቃሉ ይዞት ስለነበር ባሪቶኑን ሳያቋርጥ ቀጠለ፤ ግን ከሥሩ የሚደግፈው ትሮምቦን አልነበረም። ሕዝቡ በእልልታው ሸፈነልን እንጂ ማፈራችን አልቀረም።

በማግሥቱ ጋሼ አስጠርተውኝ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ዶ የተነጋገርነውን ስነግራቸው ግን አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አንተ ልጅ፣ ልክ የነበረው እሱ ነው» አሉኝ። «ትራምፔት ዶ ብሎ የሚያነበው በፒያኖ ሲ ቤሞል ነው። ትሮምቦን ግን የፒያኖውን ዶ ነው የሚለው። ሁለታችሁም ዶ ብላችኋል፤ በመካከላችሁ ግን አንድ ሙሉ ድምፅ አለ። መጽሐፍህ ይህን አልነገረህም?»

መጽሐፉ ነግሮኝ ይሆናል፤ ብቻዬን ለሚነፋ ለእኔ ግን ስለማያስፈልገኝ አላስተዋልኩትም። ጋሼም ቀጥለው እስከ ዛሬ የማልረሳውን ቃል ተናገሩኝ፤ «ወረቀቱ የአንተን ድርሻ ይነግርሃል፤ የጎረቤትህን ድርሻ አይነግርህም። እሱን በጆሮህ ነው የምታገኘው።» እውነት ነው። በባንድ ውስጥ ለእያንዳንዱ ነፊ የሚሰጠው የራሱ ድርሻ ብቻ ነው፤ የሁሉም ድርሻ በአንድነት የሚገኘው በመሪው ወረቀት ላይ ነው።

በዚያው ሳምንት ወደ ወንድሜ ቤት ሄጄ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። እግሬ ከብዶኝ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ «ግባ» አለኝ፤ ቡናም ቀረበ። «በደልኩህ፣ ይቅር በለኝ፤ ዶው ላይ ልክ የነበርከው አንተ ነህ» አልኩት። እሱም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ከአልጋው ሥር አንድ የጨርቅ ከረጢት አወጣ። በውስጡ ርዝመታቸው የተለያየ አምስት ዋሽንቶች ነበሩ። አጭሩን ነፋ፤ ቀጥሎም ረጅሙን አንሥቶ በዚያው የጣት አያያዝ ያንኑ ዜማ ነፋ። ዜማው አንድ ነው፤ ድምፁ ግን ወፈረ።

«አየህ» አለኝ፤ «ጣቴ ያው ነው፣ የሚወጣው ግን ሌላ። እኔ ይህን የማውቀው ከብት ስጠብቅ ጀምሮ ነው፤ በኖታ ምን እንደሚባል ነው የማላውቀው።»

ኖታ ያነበብኩት እኔ ያላወቅሁትን ነገር እሱ በሸምበቆ አውቆት ኖሯል። አሁን ልምምድ ስንጀምር በመጀመሪያ መሣሪያ ሳንነካ ዜማውን በአፋችን እንዘምራለን፤ ይህን የሚመሩት ዲያቆኑና እሱ ናቸው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል እኔ ኖታ አስተምራለሁ። ዲያቆኑ እርምጃ መጠበቅን ለምዷል። ወንድሜ እስከ አሁን ሁለት መስመር ያህል ያለ እርዳታ ያነባል። እኔም ወረቀቴን አጥፌ መንፋት እየተማርኩ ነው፤ ከእነሱ ይልቅ የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ረ. ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፤ የሰው ትምህርት ወረቀት ባለውና በሌለው ብቻ አይለካም። ከቅኔ ቤት፣ ከማኅሌት፣ ከከብት ጥበቃ፣ ከፊላ ጭፈራ የመጣው ሁሉ የተማረ ነው። የሚለያየው የተማረው ነገር ነው።

ሁለተኛ፤ ይህን ስል ኖታ መማር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ኖታ ባይኖር ኖሮ አርባ ልጆች የነፉትን ሌሎች ሊነፉት አይችሉም ነበር። የእኛም ሊቃውንት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ያበጁለት ተማሪ እንዳይጠፋው ነው። ኖታ የሚነቀፈው በወንድም ላይ ዱላ ሲሆን ነው።

ሦስተኛ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 12 ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች ያስተማረውን እናስታውስ። ዐይን እጅን አላስፈልገኝም ሊለው እንደማይችል ሁሉ ትራምፔትም ትሮምቦንን አያስፈልገኝም ሊለው አይችልም። እኔ ብዬው አይቻለሁ፤ ደመራው ፊት ምን እንደሆንኩም ነግሬያችኋለሁ።

አራተኛ፤ «ዶ» ብለን የምንጠራው ሁሉ ለሁላችን አንድ ላይሆን ይችላል። በቤት፣ በሠፈርና በማኅበር ውስጥ ቃሉ አንድ ሆኖ ድምፁ ሲጋጭ ከመቆጣት በፊት «አንተ ዶ ስትል የቱን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጠብ ያበርዳል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እናንተ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ስትመጡ ይዛችሁት የመጣችሁት፣ ግን ማንም ጠይቋችሁ የማያውቅ ትምህርት ወይም ሙያ ምንድን ነው?

2. በመዘምራን ክፍላችን ውስጥ ምልክት ስለማያውቅ ወይም ድምፁ የተለየ ስለሆነ ዝም ብሎ የተቀመጠ ወንድም ወይም እኅት አለ? ማን ሄዶ ይጠራው?

3. ዕጣ በአንድ ሕንፃ ላይ ካሰባሰበን ጎረቤቶቻችን ውስጥ ስለ ቀድሞ ሕይወቱ ጠይቀነው የማናውቅ ማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዓመት መስከረም 16 ቀን ማታ ደመራው ዙሪያ ስትቆሙ ወደ እኛ ቀረብ በሉ። ቢጨልምም እንነፋለን፤ ትሮምቦኑም አለ።